አፍ ምን ያህል ይከፈት

ኅዳር ነው፤ ኖርሾፒንግ፤ ከሌሊቱ ስምንት፤
ከጥርስ ክሊኒኩ ሥር መስኮት አልባ ቤት።
ከላይ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ይከፈታል፤
ከታች ሌሊቱን ሙሉ መሣሪያዬ ይሠራል፤
አሮጌውን መዝገብ ወዳዲሱ ሲያፈልስ፣
የሠላሳ ዓመት የታካሚ ጥርስ
ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲዘል፣ በረድፍ በረድፍ ሲፈስ።

ፍልሰት ነው የሚሉት። ቃሏን አውቃታለሁ፤
ዛሬ ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ በሌላ ቀን አወራለሁ።

በማዋቀሪያው ፋይል አንዲት መስመር አለች፣
ከስድሳ እኅቶቿ መሃል የተደበቀች፦
መሣሪያው በመንገዱ ምን ያህል ያውራ?
የቱን ውጦ ይለፍ? የቱ ጋ ይጣራ?

የመጀመሪያው ሌሊት «ዲበግ» ላይ ሰቀልሁት፤
አፉን እስከ ጆሮው ብርግድ አደረግሁት።
ለፈለፈ።
«በሩን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ገባሁ።
ረድፍ አንድን አነሣሁ። ረድፍ አንድን አስቀመጥሁ።
ረድፍ ሁለትን አነሣሁ። ረድፍ ሁለትን አየሁ።
ረድፍ ሁለት ደህና ነው። ማየቴንም ጻፍሁ።»
እንደ ወሬኛ መንገደኛ፣ የረገጠውን ጠጠር ሁሉ ቆጥሮ፤
ሲነጋ ዲስኩ ጢም ብሎ፣ ሰርቨሩ ተዘርሮ፣
ገና ዘጠኝ መቶ ረድፍ ብቻ ተሻግሮ።

ቶርቢየርን መጣ፤ ጢሙ ላይ በረዶ፤
ያየውን አየና፣ ድምፁ እጅግ ወርዶ፦
«ስሕተት ካልገጠመው ለምን ይናገር?»
ልክ ነው፤ እዚህ አገር
በቢጫው ትራም ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ እንኳ ሰው አይነጋገር።
«ኤረር» ብዬ ጻፍሁ በዚያችው መስመር።

ሁለተኛው ሌሊት ጸጥ ረጭ አለ፤
ዝምታ ወርቅ ነውና ጎኔ ተደላደለ።
ጠዋት አንድ ቃል ብቻ፦ «ተሳካ።»
ቶርቢየርን የቀረፋ ዳቦ ገዛ፤ ትከሻዬንም ነካ።

አባቴ ግን በመንገድ ሥራ ዴፖ ንብረት ክፍል ነበር፤
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሳይቆርጥ የማይረከብ አንዲት ሚስማር።
እሱ ነው መሰለኝ በሦስተኛው ሌሊት
እጄን የጎተተው፤ ዳቦውን በወረቀቱ ጠቀለልሁት፤
«ዋርን» ላይ አቆምሁና ቅጂው ላይ አስነሣሁት።

ከንፈሩን በጥቂቱ ገለጠ። ሹክ አለ፦
«ረድፍ ሠላሳ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ወር አሥራ ሦስት የሚባል የለም።
ቀኑን ባዶ አደረግሁት። አለፍሁ።»

የለም?

ይርገዱ ወልደሰንበት። የታች ግራ መንጋጋ፣ ሁለት ሙሌት።
ልደት፦ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ ሃምሳ አራት።
ጳጉሜን ሦስት፤ ሩፋኤል፤ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ዝናብ የሚጠመቅበት።
ያኔ በእንግዳ መቀበያው ጉድሩን የምትባል ሴት፣
ዛሬ ጡረታ የወጣች፣
«እንዲህ ያለ ወር የለም» ሳትል እንደሰማችው ጻፈች።
አሮጌው ዓምድ ጽሑፍ ነበር፤ የሰጡትን ያቅፋል፤
አዲሱ ዓምድ ቀን ነው፤ አሥራ ሁለት ቆጥሮ በሩን ይዘጋል።
ያለ ልደት ቀን ደግሞ ቀጠሮ አይላክ፣ ስም አይጠራ፤
ሴትዮዋ ጉንጯን ይዛ ትቀር ነበር፣ ከነሙሌቷ ጋራ።
ለመሣሪያው ስሕተት ማለት እሱን የሚያቆመው ነው፤
ሰው መጉደሉማ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዝቅ ብሎ ለሚሰማው።

ቶርቢየርን ጋ ሄድሁ። «በሽታውን የደበቀ
መድኃኒት አይገኝለትም» አልሁት፤ ስዊድንኛዬ መሃል ላይ ወደቀ።
ስክሪኑን አየ። ቆየ። ራሱን ነቀነቀ።
ለሱ ይኼ ዲበግ ነው።

ቀኗን አሰላሁላት፤ በነሱ ሴፕቴምበር ስምንት።
የጉድሩንን ጽሑፍ ግን አልሰረዝሁም፤ ከጎኑ ሠራሁለት የራሱን ቤት።
መስመሯን «ዋርን» ብዬ ዘጋሁ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ከላይ ወንበር ይንቋቋል፤
ሐኪሟ ላንዱ ስትናገር በጣሪያው ይሰማል፦
«ኧረ ይህን ያህል አይደለም፤ መንጋጋዎ ይደክማል።
የሚያመው እስኪታይ ብቻ።»